እሩሯ አልፋ ነበር

ደብዳቤው የደረሰኝ ጠዋት፣ ተማሪዎቹ ከሰልፍ ወደ ክፍል ሲገቡ ነው። ከሁለት መስመር አይበልጥም። ለዞኑ የባህል ስፖርት ውድድር ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን የገና ቡድን ከሚመርጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኜ መመደቤን ይናገራል። ሌላ የስፖርት መምህር ቢሆን ለሚስቱ ሮጦ ያሳያት ነበር። እኔ አጥፌ ኪሴ ከተትሁትና ሜዳው ላይ ቀረሁ። ከዝርዝሩ አናት ላይ የሚጻፈው ሰው ማን እንደሆነ መሐል ሜዳ ከተማ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ያንን ሰው ብመርጠውም ባልመርጠውም መዘዝ እንዳለው የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርሁ።

ስሙን አልጠራም። ዱላ በግራው ስለሚይዝ ግራኙ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው ልበለው። ጓሳ ከሚባለው የሣር ምድር ጥግ ካለ አጥቢያ ነው፤ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ዕድሜው ቢበዛ ሃያ ስድስት ነው። ገና ጨዋታ ጫፉ በቆለመመ ዱላ እሩር የምትባለውን ከእንጨት ተጠርባ የተድቦለቦለች ኳስ እየመቱ ከባላጋራ ወሰን ማሳለፍ ነው፤ ደንቡ ጥቂት፣ ቁስሉ ብዙ ነው። ግራኙ ሲመታት እሩሯን በዓይን መከተል አይቻልም። ድምፁን ትሰማለህ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደሚያይበት ታያለህ። ሌሎቹ ከቀኝ ሲጠብቁት እሱ ከግራ ይመጣል። በዚህ ላይ ቁመቱ፣ በዚህ ላይ ሩጫው። ከሱ ሌላ ማን አንደኛ ሊባል ነው?

እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። መንዝ በምደባ መጥቼ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እዚህ ሰው ፈሪ መሆኔን አያውቅም፤ የስፖርት መምህር ፈሪ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ውሻ እፈራለሁ። የጓሳ ጭጋግ ሲወርድ መንገድ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ተቆጥቶ ዝም ያለ ሰው እፈራለሁ። ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ደረቴን ነፍቼ እየሄድሁ ሁሉንም ስፈራ ኖሬያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ገና ዕለት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው ግራኙ አጥቢያ ድረስ ጋበዘኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሜዳ ወጣ፤ ጨዋታው ተጀመረ። ግባና ተጫወት ብለው ቢለምኑኝ ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ዋሸሁ። እሩሯ ብዙም አትደርስም ብዬ የገመትሁት የሜዳው ዳር፣ ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ቆምሁ። ማንም ያላየውን ያየሁት እንግዲህ በፍርሃቴ ምክንያት ነው።

ከግራኙ በተቃራኒ ከተሰለፉት አንዱ የጓሳ ጠባቂ ነበር፤ የኔ እኩያ፣ ዝምተኛ፣ የሦስት ልጆች አባት። የጓሳን ሣር ሰው እንዳሻው አያጭደውም፤ ማኅበረሰቡ ሲከፍተው ብቻ ነው። ጠባቂው በዚያው መኸር ግራኙን ከተዘጋው ሣር ሦስት ሸክም አጭዶ ሲያወጣ ይዞ ለሽማግሌዎች አቅርቦት ነበር። ሣሩ ተወሰደ። ግራኙም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ተናዘዘ። ጎጆውን ሊከድንበት የነበረ ሣር ነው፤ ይሁንና ከሣሩ ይልቅ ያ መቆም አንገበገበው ይባላል።

ጠባቂው እሩሯን መታት። በግራኙ ጎን አልፋ፣ ወደኔ ተወርውራ መጣችና ከእግሬ ሥር ከድንጋዩ ጋር ተላተመች። ሕዝቡ ጮሆ ወደኔ ጎረፈ፤ የሁሉም ዓይን እሩሯ ላይ ነበር። እኔ ግን ፈርቼ ዘልዬ ስለነበር ፊቴ ወደ ኋላ፣ ወደ ሜዳው መሐል ዞሮ ቀረ። ግራኙ ዱላውን ያነሣው ያኔ ነው። እሩሯ አልፋ፣ ቆማ፣ እሱ ዱላውን አነሣ። ፊቱ ላይ ንዴት እንኳ አልነበረም፤ እንጨት ሊፈልጥ የቆመ ሰው ፊት ነው የነበረው። ጠባቂው ቀኝ ዓይኑን ይዞ ሲወድቅ ሰዉ ገና ወደ እሩሯ ይሮጥ ነበር። ግራኙ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ማየቴን አየ።

የገና ሜዳ ላይ የተመታ ሰው አይከስስም፣ ካሳ አይጠይቅም፣ ሽማግሌ አይሰበስብም። የገና ነው ተብሎ ያበቃል። ይህ የሚሠራው ግን ዱላው እሩሯን ሲፈልግ ሰው ላይ ሲያርፍ ነው። ሰውን ፈልጎ የሄደ ዱላ ገና አይደለም፤ ደም ነው። ጠባቂው ደግሞ ሦስት ወንድሞች አሉት፤ ትልቁ ጠመንጃውን ከትከሻው የሚያወርደው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ታክሞ በተመለሰ በሳምንቱ ልጠይቀው ሄድሁ። ዓይኑ አልተረፈም። መደቡ ላይ ተጋድሟል፤ ፋሻው ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል። ወንድሞቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እግዜር ይማርህ ብዬ ጥግ ይዤ እንደተቀመጥሁ፣ ሌላው ጠያቂ ሁሉ ባለበት፣ ወደኔ ዞረ።

«መምህር» አለኝ፤ «አንተ ቅርብ ነበርክ። ግራኙ የፈለገው እሩሯን ነው?»

ትልቁ ወንድም ከግድግዳው ላይ ጀርባውን አነሣ።

«እሩሯን ነው» አልሁ።

ጠባቂው ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ወንድምየው ተመልሶ ተደገፈ። እኔ ስወጣ ውሻቸው ተከተለኝ፤ ያን ቀን ውሻውን መፍራት እንኳ ረስቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ ሰላም የለኝም። ጠባቂው ገበያ በወጣ ቁጥር እኔ ዘንድ ጎራ ይላል። አንድ ቀን ሚስቱ ያዘጋጀችውን በሶ በከረጢት አመጣልኝ፤ ስለ ውለታዬ ነው አለ። የምን ውለታ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በሶው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነቀዘ፤ ልበላውም ልጥለውም አልቻልሁም። ግራኙን ደግሞ ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ምስጢሩን የያዝሁበት ሰው ነኝና አንድ ቀን ጭጋግ ውስጥ ብቻዬን ቢያገኘኝስ እያልሁ አስባለሁ። እሱም ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። አንገት መድፋቱን ማድፈጥ ነው ብዬ ተረጎምሁት።

ደብዳቤው የመጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። መጀመሪያ ማምለጥ ሞከርሁ። የወረዳውን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወገቤን ያመኛል ብዬ ብለምነው፣ ደብዳቤው ተፈርሟል፣ ምትክ የለም አለኝ። ከዚያ አልመርጠውም ብዬ ቆረጥሁ። ሰው ዓይን ላይ ዱላ ያነሣን ሰው ከማያውቁት ልጆች ፊት ላቆመው ነው? ደብረ ብርሃን ላይ የሌላ ወረዳ ልጅ ዓይን ቢጠፋ ዕዳው የማን ነው? በዚህ ውሳኔ ሁለት ቀን ተኛሁ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ትልቁ ወንድም የበግ ገመድ ይዞ አገኘኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ገብሱ ጠየቀኝ። ሊሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ ቆመ።

«ግራኙ መመረጡ አይቀርም አይደል?» አለ። «እንዲህ ያለ መቺ የለንም። እሱን ካልወሰዳችሁት ግን ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ያኔ ነው ወጥመዱ የገባኝ። አንደኛውን መቺ ብጥለው ሰው ለምን ይላል። ለምን ከተባለ መልሱ አንድ ነው፤ ያቺ ዓይን። ዝም ብዬ ወረቀት ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ብጽፍ እንኳ ለሦስቱ ወንድሞች ያየሁትን እንደመሰከርሁ ነው። ሰው የሚሞተው እኔ በጻፍሁት ቁጥር ነው ማለት ነው። በማግስቱ ቅዳሴ ሄጄ እንኳ ጸሎቱ ጆሮዬ አልገባም።

የምርጫው ዕለት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ነበር። ሦስት መራጮች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረናል፤ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ፣ በዘመናቸው አበጋዝ ሆነው ቡድን ይመሩ የነበሩ አዛውንት፣ እና እኔ። ባለሙያው አራት ዓምድ ያለው ቅጽ አከፋፈለን። ጉልበትና ፍጥነት የሱ፣ የዱላ አያያዝ የአዛውንቱ፣ መምህር ስለሆንሁ ሥነ ምግባር የኔ ሆነ። እያንዳንዱ ከአሥር ነው። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁ።

ባለሙያው በቀጥታ ይጫወቱ ሲል አዛውንቱ አልተስማሙም። እጅ ያለው ሁሉ አይመረጥም፣ መጀመሪያ እንደ ወጉ ይቧደኑ፣ ማን ከማን ጋር አቻ ነኝ ብሎ እንደሚወጣ እንየው አሉ። ወጉ እንዲህ ነው። እኩል ነን የሚሉ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ጎን ይወጣሉ፤ ተንሾካሹከው የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ ተመልሰው ስማቸውን ለአበጋዞቹ ያቀርባሉ። አበጋዙ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ አንዱን ስም ይመርጣል፤ የተመረጠው ለሱ፣ የቀረው ለባላጋራው ይሆናል። አቻ ያላገኘ አይጫወትም።

ሁለት ሁለት እያሉ ወጡ። ግራኙ ዱላውን ተደግፎ መሐል ላይ ቆሟል። ሰው በአጠገቡ እያለፈ ሌላ ጓደኛ ይይዛል። ሁሉም አንደኛ ይለዋል፤ አቻው ነኝ ብሎ ፊት ለፊቱ ሊቆም የሚፈልግ ግን የለም። ለካ ሌላውም አንድ ነገር ይጠረጥር ኖሯል። በመጨረሻ ብቻውን ቀረ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ዓመት ሙሉ ያልተነፈስሁትን ትንፋሽ ተነፈስሁ። ወጉ ራሱ ሊጥለው ነው። እኔ አንድ ቁጥር እንኳ መጻፍ አይኖርብኝም።

ከተመልካቹ መሐል ጠባቂው ዱላ ይዞ ወጣ።

ስሙ አልተመዘገበም። ቀኝ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። ሜዳውን አቋርጦ ሄደና ግራኙ ጎን ቆመ። ትልቁ ወንድም ከሰው መሐል ወደፊት ሁለት እርምጃ መጣ። ባለሙያው ተቃውሞ ሊያነሣ ሲል አዛውንቱ እጃቸውን ጭኑ ላይ ጣል አድርገው ዝም አሰኙት።

ሁለቱ ወደ ጎን ወጥተው ጀርባቸውን ሰጡን። ሌሎቹ ስም ለማውጣት ጥቂት ቃል በቅቷቸዋል። እነዚህ ቆዩ። የሚያወሩት አይሰማም። ዱላ በእጃቸው ነው፤ ዱላውን ብቻ ነበር የማየው። ሲመለሱ የተናገረው ጠባቂው ነው። «ውርጭ ወይስ ጭጋግ?» አለ። አንደኛው አበጋዝ ጭጋግ አለ፤ ጭጋግ ግራኙ ነበር። ተለያይተው ተቃራኒ ቆሙ፤ እንደ አምናው።

ያንን ጨዋታ እንዴት እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እሩሯ ወደነሱ በሄደች ቁጥር ዓይኔን መጨፈን እፈልግና አልችልም። ጠባቂው በቀኙ በኩል ስለማያይ ሰው ሲመጣበት ዘግይቶ ነው የሚዞረው። ዕውር ጎኑ ለግራኙ ግራ እጅ የተጋለጠ ነው። ሦስት ጊዜ ሁለቱ መሐል ወደቀች። ሦስቱንም ጊዜ ግራኙ ዱላውን ከጉልበቱ በላይ አላነሣም፤ እየጎተተ፣ እየገፋ፣ እሩሯን ሣር ለሣር አወጣት። በመጨረሻው ጊዜ ከመሬት ነጥራ ከፊታቸው ስትደርስ፣ አንድ ምት የምትበቃት ሳለ፣ ግራኙ ዱላውን መሬት ተክሎ ቆመ። ጠባቂው ወሰዳት። ተመልካቹ አጉረመረመ። ይህም ሆኖ የሜዳው አንደኛ ግራኙ ነበር፤ ሩጫው ያው፣ ሳያይ የሚያቀብላት ያው። ዱላው ብቻ ነው ዝቅ ያለው።

ባለሙያው ወዲያው ሞላ። አዛውንቱም ሞሉና አምና ከነበረው ዘንድሮ በልጧል አሉ። የኔ ዓምድ ባዶ ነው። ቀና ስል ትልቁ ወንድም ከወንበራችን አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ የሚያየው ስክሪፕቶዬን ነው። ይገባዋል? አላውቅም ነበር። አምና ያየሁትን ሰው ቢሆን ዜሮ ነው የሚገባው። ዛሬ ያየሁት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። በዚህ አስቤ ጻፍሁ ብል ራሴን ማሞገስ ይሆናል። የጻፍሁት ፈርቼ ነው። አሥር ጻፍሁ። ቁጥሩ አንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው ይመስል ነበር።

ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የግራኙ ስም አናት ላይ ወጣ። እኔ ግን ልተኛ አልቻልሁም። ያ ዕውር ጎኑን ይዞ የወጣው ሰው በኔ ቃል አምኖ ነው የወጣው፤ እሩሯን ነው ስላልሁት። በሚቀጥለው እሑድ እውነቱን ልነግረው ብቻዬን ወደ አጥቢያው ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ ተመለስ ተመለስ ይለኝ ነበር።

ጠባቂው ከደጁ ተቀምጦ ከጓሳ ሣር ገመድ ይገምዳል። ወንድሞቹ እዚያ ማዶ፣ ድምፅ በማይደርስበት አውድማው ዙሪያ፣ ሰንበት ስለሆነ ሥራ ፈትተው የተከመረውን ገብስ ያያሉ። ከጎኑ ተቀመጥሁና ሳላሽሞነሙን ተናገርሁ። ያኔ ዋሽቼህ ነው፣ እሩሯ አልፋ ነበር፣ ዱላውን ያነሣው ካለፈች በኋላ ነው አልሁት።

ገመዱን መግመዱን አላቆመም። ሰንበት መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። «ዱላው ሲመጣ ሁለት ዓይን ነበረኝ እኮ። የማየው እሱን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?»

ወደ አውድማው ዞሮ አየ። «ስጠይቅህ ብቻችንን ነበርን?»

ቤቱ ትዝ አለኝ፤ መደቡ፣ ፋሻው፣ ግድግዳውን የተደገፉት ሦስቱ። ወንድሞቹ አምነው ይቀመጡ ዘንድ ከራሱ አፍ ሳይሆን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ነበረባቸው። እሱ ራሱ እሩሯን ነው ቢላቸው ሊያስታርቅ ብሎ ነው ይሉታል። ይህን ሁሉ ቀስ እያለ ነገረኝ። ከዚያ ሳያየኝ ጨመረ።

«ቤት ሙሉ ሰው ነበር። አንተን የመረጥኩህ ስትገባ ፊትህን አይቼ ነው። ደፋር ሰው ቢሆን እውነቱን ይናገርና ወንድሞቼን ያሳጣኝ ነበር።»

ዓመት ሙሉ እኔ የደበቅሁት የመሰለኝን ፍርሃት እሱ ገና በር ላይ አይቶ ሥራ ላይ አውሎታል። አፈርሁ፤ ግን ቀለለኝም። ምርጫው ቀን ወደ ጎን ወጥታችሁ ያን ያህል ምን አልኸው ብዬ ጠየቅሁት። ምንም፣ ስም እንምረጥ ነው ያልሁት፣ እሱ ማልቀስ ጀመረ፣ እስኪበቃው ጠበቅሁት አለ።

ትልቁ ወንድም ከአውድማው ተነሥቶ ወደኛ ሲመጣ አየነው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። «ስለ ገብሱ አውራ» አለኝ ጠባቂው በቀስታ። ዘንድሮ ውርጩ ገብሱን ጎዳው ወይ ብዬ ጀመርሁ። ወንድምየው ሰላም ብሎን ቆመና ከላይ ወደታች አየኝ።

«አሥር ከአሥር ሰጠኸው አሉ» አለ። «ይገባዋል?»

ጠባቂው ቀና አላለም። ጣቶቹ ግን ገመዱ ላይ ቆመዋል።

«ይገባዋል» አልሁ።

ወንድምየው እስኪበቃው አየኝ። ከዚያ ደህና ዋሉ ብሎ ወደ አውድማው ተመለሰ። ጠባቂው የገመዱን ጫፍ ወደኔ ገፋ አደረገና ያዝልኝ አለኝ። በሁለት እጄ ያዝሁለት፤ እሱም መግመዱን ቀጠለ።